ወደ ሙያ የሚላከው የማን ልጅ ነው?

በዚህ ግቢ ስለ እጅ ሥራ ክብር የሚናገር ሰው ጠፍቶ አያውቅም፤ የሚያጨበጭብለትም ብዙ ነው። ከአጨብጫቢዎቹ መካከል ወንድሙን በያጅ ሁን ብሎ የሚመክር ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

ነገሩ የቆየ ነው። ብረት ሠሪውን ቡዳ፣ ቆዳ ሠሪውን ፋቂ እያልን ኖረናል፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ስድቡ ቢቀንስም መልኩን ለውጦ ትምህርት ቤት ገባ። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ በኋላ ለብዙ ዓመታት የ10ኛ ክፍልን ፈተና በጥሩ ውጤት ያለፈው ወደ መሰናዶ፣ ያልሆነለት ወደ ሙያ ይላክ ነበር። ለመሆኑ የማይሆንለት ማን ነው? አስጠኚ የተቀጠረለት ነውን?

በ3 ዓመት የሚበልጠኝ የአክስቴ ልጅ በዚሁ መንገድ ነው የሄደው። አክስቴ እንጀራ እየጋገረች በመሸጥ ነው ያሳደገችው። ብረታ ብረት ተመደበ፤ ወደደውም። ደንቡ ከሥልጠናው 70 በመቶው በድርጅት ውስጥ እንዲሆን ያዛል፤ በወረቀት ላይ መልካም ነው። ድርጅት ይፈለግ ሲባል ግን አባቱ ጋራዥ ያለው አባቱ ዘንድ ገባ፤ እርሱ ከተማ ዳር ያለ ወርክሾፕ ደረሰው። በቀን 4 ታክሲ፤ ምሳ ከኪስ፤ ደመወዝ የለም። ስለዚህ በሳምንት 2 ቀን እየቀረ ድንጋይ ይሸከም ጀመር። የሚሸከመውም ወደ ሥልጠናው የሚሄድበትን ሒሳብ ለማግኘት ነበር! ቀሪው በዛ ተብሎ አንድ ዓመት ተራዘመበት።

ተመረቀ፤ የብቃት ምዘናውንም አለፈ። ከሁሉ የገረመኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ተደራጅተህ ተበደር አሉት፤ ለመበደር ግን አስቀድሞ የብድሩን 20 በመቶ መቆጠብ ያስፈልጋል። የቤት ኪራይ ያለበት ሰው ከምኑ ይቆጥብ? ቁጠባውን ቤተሰብ የከፈለላቸው ጓደኞቹ ዛሬ የራሳቸው መበየጃ አላቸው፤ እርሱ ከእነርሱ ለአንዱ ተቀጥሮ የግቢ በር ይበይዳል። እጁ ከአለቃው እንደሚሻል አለቃው ራሱ አይክድም፤ አስቸጋሪ ሥራ ሲመጣ የሚጠራው እርሱን ነውና።

እኔ የምለው፥ ለተለማማጁ የታክሲና የምሳ ሒሳብ ይታሰብለት፤ ብድሩም ሲሰጥ በቁጠባው ፈንታ የምዘና ወረቀቱ ይያዝ። ማኅበራችን ንግግር የሚያሰማልን ከሆነ፣ የሚመጣውን ተናጋሪ ስለ እነዚህ ሁለት ነገሮች እንዲጠይቅልን አሳስባለሁ።