ባለ ቀይ ዓይኗ ወፍ

እሑድ ከሰዓት በኋላ የእህቴን ልጆች ይዤ በኦክላንድ፣ ፍሩትቬል ውስጥ ወዳለው ዩኒየን ፖይንት ፓርክ ሄድኩ። ትልቋ ስድስት ዓመቷ፣ ትንሹ ሦስት ዓመቱ ነው። ፓርኩ ውኃ ዳር ነው፤ ማዶ አላሜዳ ይታያል።

ኳስ ስንጫወት ትንሹ ድንገት «ወፍ!» ብሎ ወደ ውኃው ሮጠ። ተከትዬው ሮጥኩ። ድንጋዮቹ ጫፍ ሳይደርስ ጃኬቱን ያዝኩት። ልቤ ድው ድው ይል ነበር።

ከፊታችን ግራጫ ክንፍ፣ ጥቁር አናትና ቀይ ዓይን ያላት ወፍ ቆማለች። ንቅንቅ አላለችም። ሦስታችንም ቁጭ ብለን በዝምታ አየናት። ድንገት አንገቷን ወደ ውኃው ወርውራ ትንሽ ዓሣ ይዛ በረረች።

ስሟ ናይት ሄረን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ዓሣ የምትይዘው በምሽትና በሌሊት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎች የከተማዋን ምክር ቤት ጠይቀው «የኦክላንድ ወፍ» አስባሏት።

«ኢትዮጵያስ አለች?» አለችኝ ትልቋ።

«አዎ፣ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳር አለች።»

«እንግዲያው የእኛም ናት!»

ከዚያ ወዲህ ደንባችን አንድ ነው፦ ወፍ ስናይ አንሮጥም። መጀመሪያ እጅ ለእጅ እንያያዛለን፤ ከዚያ እናያለን።