ከጌም ቤት እስከ ሜዳ፦ አንድ ከሰዓት በልደታ

ልደታን አብዛኞቻችሁ የምታውቋት በፍርድ ቤቱ ወይም በባልቻ ሆስፒታል ይሆናል። ዕድሜያቸው የገፋ አባቶች ደግሞ ቦሌ ሳይሠራ በፊት የከተማዋ አውሮፕላን የሚያርፈው በዚሁ በልደታ ሜዳ እንደነበር ያስታውሳሉ። እኛ በዚህ ወር ወደዚያ ያቀናነው ግን ሌላ ጉዳይ ይዘን ነው። ከወላጆች ጋር በተገናኘን ቁጥር የሚነገረን አቤቱታ አንድ ዓይነት ሆኖብናል፦ «ልጁ ከጌም ቤት አልወጣ አለን!» እስቲ ቤቱንም ልጁንም እንያቸው ብለን ተነሣን።

ከቀላል ባቡሩ ልደታ ጣቢያ ወርደን ወደ ኮንዶሚኒየሞቹ አመራን። ይህ ሰፈር በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ዓመታት ፈርሶ በፎቅ የተተካ ነው። በድሮዎቹ የቀበሌ ቤቶች መካከል ልጆች በሁለት ድንጋይ ጎል ሠርተው በጨርቅ ኳስ ሲራገጡ ይውሉ ነበር። ዛሬ በብሎኮቹ መካከል ያለው ግቢ አብዛኛው የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። ልጁ ከሜዳ ወደ ስክሪን የሄደው በስንፍና ብቻ ነው ለሚሉ ወላጆች ይህን ግቢ ቆመው እንዲያዩት እንመክራለን።

ጌም ቤቱ ከሥር ካሉት ሱቆች አንዱ ነው። መጋረጃው ሲገለጥ ሙቀቱና ጫጫታው አብረው ይወጣሉ። ሁለት ቴሌቪዥን፣ ሁለት ፕሌይስቴሽን፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ ተራ የሚጠብቁ ልጆች። ሁሉም የሚጫወተው የእግር ኳስ ጌም ነው፤ አምራቹ በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ስሙን ቢቀይረውም ለእነርሱ ዛሬም «ፊፋ» ነው። የአሥራ አራት ዓመት ግድም የሆነው አንዱ ጆይስቲኩን ሳይለቅ «ጋሼ፣ እዚህ ማንም አያሸንፈኝም። ሜዳ ላይ ግን ማንም አይመርጠኝም» አለን። ይህን ንግግሩን ልብ በሉልን።

አንድ ነገር ግን አላማረንም። ሒሳቡ «የተሸነፈ ይከፍላል» ነው። ዑለሞቻችን ሁለቱም ተወዳዳሪዎች ገንዘብ አስይዘው አሸናፊው የሚወስድበትን ጨዋታ ከቁማር ይቆጥሩታል። እዚህ ገንዘቡ የሚገባው ለባለቤቱ ቢሆንም ልጁ በነፃ ለመጫወት ጓደኛውን ከፋይ ማድረግ ይለምዳል። ጥያቄውን ወላጆች በአቅራቢያቸው ላለ ዓሊም ቢያቀርቡት መልካም ነው።

ወደ ልጁ ንግግር እንመለስ። ስክሪን ላይ ጎበዝ፣ ሜዳ ላይ ተቀማጭ የሆነ ልጅና የእርሱ ተቃራኒ የሆነው ጓደኛው በአንድ ቡድን የሚፈላለጉበት ውድድር በዓለም ላይ መጥቷል። በየካቲት 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2024) ብዙ ሙስሊሞች በሚኖሩባት በሩሲያዋ የታታሮች ከተማ በካዛን «የወደፊቱ ጨዋታዎች» የሚባል ትልቅ ውድድር ተካሂዷል። አንድ ቡድን በመጀመሪያ እግር ኳስን በስክሪን ይጋጠማል፤ ቀጥሎ ወደ እውነተኛው ሜዳ ወጥቶ አምስት ለአምስት ይጫወታል፤ የሁለቱ ጎል ይደመራል። በስክሪን 3 ለ 1 የመራ ቡድን ሜዳ ሲገባ 3 ለ 1 እየመራ ነው። ቅርጫት ኳሱም በዚሁ መልክ ሦስት ለሦስት ነው። ውድድሩ በታኅሣሥ 2018 ዓ.ም. በአቡ ዳቢ ተደግሟል።

ሌላም መንገድ አለ፤ ስክሪኑን በሰውነት ላይ መልበስ። ጃፓኖች «ሃዶ» የሚሉት ጨዋታ ላይ ሦስት ለሦስት ሆነው መነጽር በዓይናቸው፣ መሣሪያ በክንዳቸው አድርገው በዓይን ብቻ የሚታይ ኳስ ይወራወራሉ፤ አንዱ ዙር 80 ሴኮንድ ነው። የኛ ሴቶች ልጆች በካልሲ ኳስ ዳርና ዳር ቆመው መሃል ያለችውን ለመምታት የሚጫወቱት ጨዋታ ታላቅ ወንድም በሉት። በሰኔ 2015 ዓ.ም. በሲንጋፖር ደግሞ የኦሎምፒክ ኮሚቴው ባዘጋጀው ውድድር ቴኳንዶ ተጫዋቾች እንቅስቃሴ የሚለኩ መሣሪያዎችን አስረው፣ አካል ለአካል ሳይነካኩ በስክሪን ውስጥ ተፋልመዋል። ይህ ሁሉ ውድ ዕቃ ይፈልጋል። የካዛኑ ግን ጌም ቤቱ ውስጥ ካለው ሌላ የሚጠይቀው አንድ ኳስ ብቻ ነው።

ነገሩን ለልጆቹ ስንነግራቸው እስክንጨርስ አልጠበቁም። የላይኛው ብሎክና የታችኛው ብሎክ ተብለው ተከፈሉ። ሒሳቡን አስቀድመው እኩል እንዲያዋጡ ለመንናቸው፤ ተስማሙ። በስክሪን የላይኛው ብሎክ 3 ለ 1 አሸነፈ፤ ሁለቱን ጎል ያገባው ያ ልጅ ነው። ከዚያ ወደ ግቢው ወጣን። ጆይስቲክ የያዘ ሁሉ ሜዳም ይሰለፍ የሚለውን ደንብ ያወጡት ራሳቸው ናቸው፤ አለዚያ አንድ የጌም አዋቂ ከሌላ ሰፈር ይከራያል ብለው ሰጉ። ያ ልጅ ተሰለፈ። እውነቱን ለመናገር ሩጫው ደካማ ነው፤ ሆኖም ኳሱን የት መስጠት እንዳለበት ከማንም ቀድሞ ያያል፤ ይህን ከጌሙ ያገኘው ይመስለናል።

አምስት ደቂቃም ሳይሞላ ኳሷ የአንዲት መኪና ስፖኪዮ ላይ አረፈች። የጥበቃ ሠራተኛው ዱላውን ይዞ ተነሣ፤ ልጆቹ ተበታተኑ። የመኪናው ባለቤት አንድ ሐጂ ነበሩ። ወርደው መስታወቱን አገላብጠው አዩና ነገሩን እንድናስረዳቸው ጠየቁን። ካዳመጡን በኋላ «ልጄ እዚያ መጋረጃ ውስጥ ከሚታፈን መኪናዬ ትጫር» ብለው መኪናዋን ወደ ጥግ አዞሩልን። ሁለት ጎረቤቶቻቸው ግን ከመስኮት እያዩ የራሳቸውን አላነሡም። እኛም አንፈርድባቸውም፤ መኪና በዕዳ የሚገዛ ሰው ነው የሚኖረው።

ጨዋታው ቀጠለ። የታችኛው ብሎክ በሜዳው 3 ለ 1 አሸነፈና ድምሩ 4 ለ 4 ሆነ። ወዲያው ክርክር ተነሣ። የታችኞቹ «ሜዳ ላይ የገባ ጎል በላብ ነው፤ እጥፍ ይቆጠር» አሉ፤ ያ ቢሆን 7 ለ 5 ያሸንፉ ነበርና። የላይኞቹ «ደንብ ጨዋታው ካለቀ በኋላ አይወጣም» አሉ። እኛ በሐሳብ ከታችኞቹ፣ በፍትሕ ከላይኞቹ ጋር ነን። የስክሪኑ ክፍል ካልጠበበ፣ የሜዳው ካልከበደ ነገሩ ያው ጌም ቤት ነው። በዚህ መሃል የመግሪብ አዛን ተሰማና ኳሷን ብብታቸው ሥር አድርገው ወደ ውዱእ ሄዱ።

ትንንሽ ወንድሞቻቸውን የያዙ እህቶች ከደረጃው ላይ ሆነው ሲያዩ ነበር። አንደኛዋ «እኛስ?» አለች። ጌም ቤት አትገባም፤ እናቷም አይፈቅዱላትም። ቴሌቪዥኑ ነዋሪው በጋራ ወደሚጠቀምበት የኮሚናል ቤት ቢመጣ እናቶች እያዩ ለሴቶቹ የራሳቸው ተራ ሊያዝ ይችላል፤ ሐሳቡ ያንዲት እናት ነው።

ከሶላት በኋላ የነዋሪዎቹን ኮሚቴ ሰብሳቢ አገኘናቸው። ቅዳሜና እሑድ ከዐስር እስከ መግሪብ ግማሹ ግቢ ከመኪና ነፃ ይሁን የሚለውን ጥያቄ ለነዋሪው ስብሰባ እንደሚያቀርቡ ነገሩን፤ ስለ ኮሚናሉ ግን ቃል አልሰጡም። ልጆቹ ደንባቸውን በወረቀት ጽፈው እንዲያመጡ ጠየቋቸው። ደብተር ተቀደደ፤ የጻፈችው «እኛስ?» ያለችው ልጅ ናት፤ የእጅ ጽሑፏ ያምራል ተብሎ። በእኩል መዋጣቱ አንደኛ ደንብ፣ ጆይስቲክ የያዘ ሜዳ ይግባ የሚለው ሁለተኛ፣ የሴቶች ተራ ሦስተኛ ሆነው ሰፈሩ። አራተኛው ስለ ሜዳ ጎል እጥፍ መቆጠር ነበር፤ እርሱ ላይ እስክንሰናበታቸው ድረስ አልተስማሙም።