በኖርዌይ መንገድ ላይ የኦቶሞቢል ራዲዮ እንዴት እንደ ተለወጠ

የኖርዌይ አገር በተራራና በባሕር ሰርጥ የተከፋፈለች ናትና፥ መንገዷ አንዳንዴ ገደሉን ተጠግቶ፥ አንዳንዴም ተራራውን በስቶ ያልፋል። በ1993 ዓ.ም. የተከፈተው፥ ሌርዳልን ከአውርላንድ የሚያገናኘው ዋሻ ብቻ ርዝመቱ 24 ኪሎ ሜትር ተኩል ነው። እንደዚህ ባለ መንገድ ለሚጓዝ ሰው ራዲዮ ማጫወቻ ብቻ አይደለም፤ በረዶ መንገድ መዝጋቱን፥ አደጋም መድረሱን የሚነግረው የመንገድ ጓደኛው ነው።

በቀድሞው ዘመን ነጂው ጣቢያውን የሚፈልገው ቁልፉን በጣቱ እያዞረ ነበር። ጠቋሚው መርፌ በቁጥሮቹ ላይ ቀስ እያለ ሲሄድ፥ ድምፁ መጀመሪያ እንደ ዝናብ ሿ እያለ ይመጣና በኋላ ይጠራል። ተራራ ባለፉ ቁጥር ግን ጣቢያው ይደክማልና እንደ ገና መፈለግ ግድ ነበር። ከዚያም ሞገዱን በቁጥር የሚያሳይ፥ ጣቢያውንም ራሱ ፈልጎ የሚይዝ ራዲዮ መጣ።

ዋናው ለውጥ የተጀመረው ግን ጥር 3 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው። በዚያን ቀን በሰሜን ባለው በኖርላንድ አውራጃ፥ የአገር አቀፍ ጣቢያዎች የኤፍ ኤም ስርጭት መዘጋት ጀመረ፤ ታኅሣሥ 4 ቀን 2010 ዓ.ም. በመላው አገር ተፈጸመ። ይህን በማድረግ ኖርዌይ ከዓለም መንግሥታት የመጀመሪያዪቱ ሆነች። ትንንሾቹ የየአካባቢው ጣቢያዎች ግን በቀድሞው ሞገድ ቀሩ።

አዲሱ የዲጂታል ስርጭት ድምፅን ወደ ቁጥር ለውጦ ይልካል፤ ብዙ ጣቢያዎችም በአንድ ሞገድ ይጫናሉ። ልዩ ልዩ ማሰራጫዎች በዚያው ሞገድ በአንድነት ስለሚልኩ፥ ነጂው ከሸለቆ ወደ ሸለቆ ሲሻገር ቁልፍ ማዞር አያስፈልገውም፤ የጣቢያውን ስም መምረጥ ይበቃዋል።

ነገር ግን ጥቅም ሁሉ ዋጋ አለው። የቀድሞው ድምፅ ሲርቅ እየሻከረ ይደክም ስለ ነበር፥ ሊጠፋ መሆኑን አስቀድሞ ያስታውቅ ነበር፤ አዲሱ ግን ጥርት ብሎ ይቆይና ድንገት ዝም ይላል። አሮጌ ኦቶሞቢል ያለውም ሰው መቀበያ መሣሪያ ገዝቶ ካልጨመረ፥ አገር አቀፉን ወሬ በመንገድ መስማት ቀረበት።

ስለዚህ ቤተ ሰቡን ይዞ በዚያ አገር የሚጓዝ መንገደኛ፥ ጎማውንና ቤንዚኑን እንደሚመረምር ሁሉ፥ ራዲዮው የትኛውን ስርጭት እንደሚቀበል አስቀድሞ ይጠይቅ። ማስጠንቀቂያ የሚጠቅመው ለሰማው ሰው ነውና።