ሞተር የተቀየረለት መኪና



በዚህ መጽሔት ላይ በየዓመቱ ስለ ፈተናና ስለ ሥነ ምግባር ስጽፍ ቆይቻለሁ። ዘንድሮ ግን ስለ መኪና ልጽፍ ነው። የትልልቆቹ ክፍል ልጆች በዕረፍት ሰዓት ከዛፉ ሥር ቆመው የሚከራከሩት ስለ መኪና መሆኑን ከቢሮዬ መስኮት እሰማለሁ። በዚያ ላይ አንድ የቀድሞ ተማሪያችን ያገለገለ የስፖርት መኪና ሊገዛ ሲነሳ «ጋሼ፣ እንደ ሽማግሌ አብረውኝ ይሁኑ» ብሎ ወስዶኝ ነበር። በዚያ ቀን ያየሁት ለእናንተም ይጠቅማል።

ልጁ የአየር ማቀዝቀዣ ጠጋኝ ነው፤ በካርቱም ሙቀት ደግሞ ለዚህ ሙያ ሥራ አይጠፋም። ባጠራቀመው ገንዘብ ሁለት ነገር አስቧል፤ አንዱ መኪና መግዛት፣ ሁለተኛው አዲስ አበባ ያለች እህቱን ኮሌጅ ማስተማር። መኪናው ከታሰበው በላይ ከበላ የሚጎድለው የእህቱ ክፍያ ነው። ስለዚህ ነገሩ የወጣትነት ምኞት ብቻ አልነበረም።

የሄድነው ሱዳኖች «ደላላ» ወደሚሉት የመኪና ገበያ ነው። ይህ ቃል በእኛ ዘንድ አሻሻጩ ሰው ነው፤ እዚህ ግን ገበያው ራሱ ነው። መኪናዋ ቀይ ቶዮታ ሴሊካ ነበረች። ፋብሪካው የሰጣት 1.8 ሊትር ሞተር ወጥቶ፣ ጂቲ-ፎር ከሚባለው የሴሊካ ዓይነት የተወሰደ ባለ 2 ሊትር ተርቦ ሞተር ገብቶላታል። የመጀመሪያው ሞተር ጉልበት 110 ፈረስ ገደማ ነው፤ የገባው ግን እንደ ሥሪት ዘመኑ ከ180 እስከ 250 ይደርሳል።

ልጆቻችን ሴሊካን ቢወዱ አልፈርድባቸውም። ይህች መኪና በጎረቤታችን በኬንያ ስም አላት። ከእ.ኤ.አ. 1984 እስከ 1986 በተከታታይ፣ በ1990 እና እንደገና ከ1992 እስከ 1995 በየዓመቱ የሳፋሪ ራሊን ያሸነፈችው ሴሊካ ናት። አቧራና ድንጋይ የለመደች መኪና ናት ቢባል ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ያሸነፈችው መኪና ከሞተሯ ጋር የሚመጥን ፍሬን፣ ካምቢዮና ማቀዝቀዣ አብሮ የተሠራላት ናት። እኛ ፊት የቆመችው ግን ሞተሯ ብቻ ነበር የተቀየረው ወይስ ሌላውም?

አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ። ልጁ የሚያምነውን መካኒክ ይዞ ነበርና ኮፈኑ ተከፈተ፤ መኪናዋም በክሪክ ተነሳች።

መጀመሪያ የታየው ማቀዝቀዣው ነው። ተርቦ ያለው ሞተር ብዙ ሙቀት ያወጣል። በካርቱም ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ወደ ባሕሪ የሚያሻግረው ድልድይ ላይ ሰልፍ ይዞ የቆመ መኪና ደግሞ ነፋስ አያገኝም። ለትንሹ ሞተር የተሠራ ራዲያተር ለትልቁ አይበቃም። በዚህ በኩል ሻጩ ጠንቃቃ ነበር፤ ትልቅ ራዲያተር አስገብቷል፣ የአየር ማጣሪያውም ለሃቡብ አቧራ በደንብ ተሸፍኗል።

ቀጥሎ ፍሬኑ ታየ። እዚህ ላይ ፊዚክሳችሁን አስታውሱ። ካይነቲክ ኢነርጂ የሚያድገው በፍጥነት ካሬ ልክ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና 120 ሲደርስ ፍሬኑ ማጥፋት ያለበት ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ጂቲ-ፎር ትልልቅ የፍሬን ዲስኮች የተሰጡት ስለዚህ ነው። በቀይዋ መኪና ላይ ያሉት ግን የድሮዎቹ ትንንሾች ነበሩ። መሮጫውን የቀየረ ሰው ማቆሚያውን አልቀየረም።

በመጨረሻ ወረቀቱ ቀረበ። አገር ቤት ሊብሬ ላይ እንደሚጻፈው እዚህም የሻንሲና የሞተር ቁጥር በመዝገብ ይሰፍራል። የሻንሲው ቁጥር ገጠመ። በሞተሩ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ግን በወረቀቱ ላይ ካለው ጋር አይገናኝም። ልጁ ወደ እኔ ዞሮ «ጋሼ፣ የምነዳው ሞተሩን እንጂ ቁጥሩን አይደለም» አለኝ።

እኔ ርዕሰ መምህር ነኝ፤ ሥራዬ ግማሹ ወረቀት ነው። ጎበዝ ተማሪ ሆኖ፣ በትራንስክሪፕቱ ላይ ያለው ስም ከፓስፖርቱ በአንድ ፊደል ስለተለየ ብቻ ጉዞው የተስተጓጎለበትን ልጅ አውቃለሁ። ልጁ እውነተኛ ነው፣ ውጤቱም እውነተኛ ነው፤ ግን ማስረዳት አልቻለም። ይህንኑ ነገርኩት። በሰው አገር በኢቃማ የምንኖር ሰዎች መንገድ ላይ ስንቆም የሚናገርልን ወረቀታችን ነው። ሞተሩ ተሰርቆ የመጣ ቢሆንስ? ሻጩ ሐቀኛ ሊሆን ይችላል፤ ለእርሱ የሸጠለት ሰው ግን ማን እንደሆነ አናውቅም።

የተደበቀ ነገር በትልቅ ስም ሥር ሲገኝም ታይቷል። በ1995 በስፔን የካታሎኒያ ራሊ ላይ በሴሊካ ተርቦ ውስጥ ከተፈቀደው በላይ አየር የሚያስገባ ድብቅ ብልሃት ተገኝቶ የቶዮታ ቡድን ለ12 ወራት ከውድድር ታገደ። ብልሃቱ በጣም የተራቀቀ ነበር፤ ከቅጣት ግን አላዳነም።

ሻጩ ሻይ ጋበዘን፤ ዋጋ ቀንሶ በተውኪል ሊጨርስልን ፈለገ። ልጁ ግን አሰበና በትሕትና መለሰ፦ መጀመሪያ ባለቤቱ ሙሩር ሄዶ አዲሱን ሞተር በራሱ ስም ያስመዝግብ፣ ከዚያ የፍሬኑ ወጪ ከዋጋው ይቀነስ። «ኢንሻአላህ ቡክራ» ተባልን። ቡክራ ሦስት ሳምንት ሆነና መኪናዋን ሌላ ሰው ገዛት። ልጁ ለጥቂት ጊዜ አኩርፎኝ ነበር። አሁን የእህቱ የመጀመሪያ ዓመት ተከፍሏል፤ እርሱም ገና በራክሻ ነው የሚሄደው። ቀይዋ መኪና በመንገድ ስታልፍ ድምጿን ሰምቶ አንገቱን እንደሚያዞር ነግሮኛል። እውነቱን ለመናገር እኔም አዞራለሁ።

ተመራቂዎቻችን፣ ነገ መኪና፣ ሥራ ወይም ውል ፊታችሁ ሲቀርብ የሚያምረውን ድምፅ ስሙ፤ መስማት ነውር የለውም። ከዚያ ጎንበስ ብላችሁ ፍሬኑን እዩ፣ ቁጥሩን ከወረቀቱ ጋር አስተያዩ፣ የማይገጥም ከሆነ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። በሰላም ግቡ፣ በሰላም ውጡ።