አራት ቀን በቢሾፍቱ ከታመመ ውሻ ጋር

ቢሾፍቱን በስም የማያውቅ ተማሪ ወይም የመንግሥት ሠራተኛ ይኖራል ለማለት ያስቸግራል። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ቀድሞ ደብረ ዘይት ትባል ነበር። ስሟ ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚያስበው ሐይቆቿን፣ ይኸውም ቢሾፍቱን፣ ሆራንና ባቦጋያን ነው። በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ በሆራ አርሰዴ ዳር ለሚከበረው ኢሬቻ እጅግ ብዙ ሕዝብ ይጎርፋል፤ በሌላውም ጊዜ ሙሽሮች ፎቶግራፍ ለመነሣት ይመጣሉ። እኔ ግን፣ አንባቢ ሆይ፣ ዛሬ የማጫውትህ ስለ ሌላዪቱ ቢሾፍቱ ነው፤ ሽርሽር የመጣ ሰው ሳያያት ስለሚያልፋት፣ እንስሳ የታመመበት ሰው ግን አጥብቆ ስለሚፈልጋት ከተማ።

ወደዚያ የወሰደኝ ነገር እንዲህ ነው። የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና ታርሞ ዕረፍት በተጀመረ ማግሥት፣ በማስተምርበት በአዳማ ከተማ ውሻዬ ታመመ። ስሙ መቻል ይባላል። ዕድሜው 5 ወር ቢሆን ነው፤ ከመንገድ ዳር አንሥቼ ካስጠጋሁት ገና 9 ቀኑ ነበር። ማታ በጅራቱ መሬቱን እየጠረገ ሲጫወት ያመሸው ቡችላ ጧት ከተኛበት አልነሣም አለ። ምግብ ቢቀርብለት ፊቱን አዞረ፤ ደጋግሞም አስመለሰው። እኩለ ቀን ሳይሆን ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ያዘው።

ጎረቤት ምክር አይነፍግም። አንዱ ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጠህ አጠጣው አለኝ፤ ሌላው ወተት ይሻለዋል አለ፤ ሦስተኛውም ለራስ ምታቱ የገዛውን ክኒን ይዞልኝ መጣ። አንዲት እናት ደግሞ፣ «ልጄ፣ ውሻ ራሱን በራሱ ያክማል፤ ሣር በልቶ ይድናል፤ ተወው» አሉኝ። ሁሉም በቅን ልቡና የተሰጠ ምክር ነው። ነገር ግን ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል፤ ለሰው የሚታዘዝ የሕመም ማስታገሻም ጉበቱን ወይም ኩላሊቱን ሊያበላሽበት ይችላል፤ የሚያስመልሰው እንስሳም በግድ ሊጋት አይገባውም። ስለዚህ መቻልን በካርቶን አድርጌ፣ ከሥሩ አሮጌ ጨርቅ አንጥፌ፣ መኪና ተራ ወረድሁ።

ከአዳማ እስከ ቢሾፍቱ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ረዳቱ ካርቶኑን ገልጦ አየና፣ «ወንድም፣ ውሻ አንጭንም» አለ። የሁለት ሰው ሒሳብ እከፍላለሁ ብዬ ተለማመጥሁት፤ የኋላውን ጥግ ሰጠኝ። ሞጆን አልፈን ዳገቱን ስንያያዘው በስተ ግራ በኩል የዝቋላ ተራራ ብቻውን ቆሞ ይታይ ነበር። በሌላ ቀን ቢሆን ዓይኔን ከእርሱ ባላነሣሁ፤ ያን ዕለት ግን የማየው የቡችላውን ጎን ነበር፤ ይተነፍስ እንደ ሆነ፣ አይተነፍስም እንደ ሆነ። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ገበሬ ይህን አይተው፣ «ወዴት ነው የምትወስደው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ነገርኋቸው። «አይዞህ፤ የኔንም በሬ ያዳኑልኝ እዚያው ናቸው» አሉ። ከዚያ በኋላ በመኪናው ውስጥ ያፌዘ ሰው አልነበረም።

በቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ አለ፤ ተማሪዎቹም የሚሠለጥኑበት የእንስሳት ሆስፒታል አለው። ተራ ጠባቂው ልዩ ልዩ ነው፦ ጀርባዋ የቆሰለ አህያ፣ በገመድ የታሰረ ጥጃ፣ በግ የታቀፈ ልጅ። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ አንዲት ወጣት ሐኪም ተቀበሉን። ድዱን ተመለከቱ፤ የአንገቱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርገው ሲለቁት ቆዳው ወደ ቦታው የተመለሰው በዝግታ ነበር። ይህም የሰውነቱ ውኃ ማለቁን ያመለክታል። ቀጥሎ የጠየቁኝ፣ «ከጀመረው ስንት ሰዓቱ ነው?» ብለው ነው።

ሕመሙ ፓርቮ ይባላል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1978 ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቀ የውሻ ቫይረስ ሲሆን፣ በሁለት ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ ዓለምን አዳርሷል። ከሁሉ አብልጦ የሚያጠቃው ቡችላን ነው። የአንጀቱን ውስጠኛ ሽፋን ይልጣል፤ የአጥንቱንም መቅኔ ስለሚጎዳ በሽታ የሚከላከለው የደም ክፍል ይቀንሳል። ዋናው ሕክምና በደም ሥር ጉሉኮስና ጨው ያለበት ፈሳሽ መስጠት፣ ትውከቱን ማስታገሥ፣ በተላጠው አንጀት በኩል ለሚገቡት ባክቴሪያዎችም መድኃኒት መውጋት ነው። «እኛ ጊዜ እንገዛለታለን፤ የሚዋጋው ራሱ ነው» አሉኝ ሐኪሟ። የሚሞተው አብዛኛው ውሻ ሕመሙ በታየበት በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ይሞታል፤ ሦስተኛውንና አራተኛውን ቀን ያለፈ ግን ብዙ ጊዜ ይድናል።

ጧትና ማታ እንድንመላለስ ስለ ታዘዘ አክስቴ ቤት አረፍን። አክስቴ ውሻ ቤት አይገባም የሚሉ ሰው ናቸው፤ የፈቀዱልን የማድቤቱን ጥግ ነው። «ልጆቹንስ አይዝም?» ብለው ጠየቁ። ይህ ቫይረስ ሰውን እንደማይዝ ነገርኋቸው፤ ሆኖም ያቆሸሸውን ሁሉ 1 እጅ በረኪና በ30 እጅ ውኃ በጥብጬ አጥብ ነበር፤ ምክንያቱም ቫይረሱ በአፈር ውስጥ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ተቀምጦ ሌላ ውሻ ሊይዝ ይችላል። በሁለተኛው ሌሊት መቻል አንገቱን ማቅናት አቃተው። ድምፅ ሰምቼ ብወጣ አክስቴ ነጠላቸውን እንደ ተከናነቡ ፋኖስ ይዘው አጠገቡ ቆመዋል። «እስትንፋሱን ልሰማ ብዬ ነው» አሉኝና ገቡ።

በቀጠሮና በቀጠሮ መካከል ከተማዪቱን ተመለከትሁ። ለአገሪቱ ከብት፣ በግ፣ ፍየልና ዶሮ ክትባት የሚያመርተው ብሔራዊ ተቋም በዚህችው ከተማ ነው፤ የእንስሳት ክትባትን ጥራት የሚመረምረው የአፍሪካ ኅብረት ማዕከልም እዚሁ ይገኛል። በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ፣ አያቶቻችን ክፉ ቀን ብለው በሚጠሩት ዘመን፣ የደስታ በሽታ የአገሩን ከብት ፈጅቶ በሬ የሌለው ገበሬ ሳያርስ ቀርቷል፤ ረኃቡም ስፍር ቁጥር የሌለው ሰው ጨርሷል። ያ በሽታ በክትባት ኃይል በ2003 ዓ.ም. ከምድር መጥፋቱ ለዓለም ታወጀ። እንግዲህ ይህ ሁሉ ዕውቀት የተከማቸው ስለ በሬና ስለ ላም ነው፤ ዛሬ ግን ለአንድ የመንገድ ቡችላም ይተርፋል። ለውሻ ይህን ያህል ድካም ለምን የሚል ሰው ቢኖር፣ በሬውን ያሳከሙት ገበሬና ፋኖስ የያዙት አክስቴ ይመልሱለት።

በአራተኛው ቀን ጧት መቻል ጆሮውን አቆመ፤ ከሣህኑም ውኃ ጠጣ፤ የጠጣውም አልወጣም። ሐኪሟ ትንሽ የተቀቀለ ሩዝና ዶሮ በየጊዜው እንዲቀምስ ፈቀዱ። ከዚያም ወደ አዳማ ተመለስን።

አንባቢ ሆይ፣ ውሻ ካለህ ይህን ያዝ። ቡችላ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሲሆነው የፓርቮ ክትባት ይጀምርለታል፤ 16 ሳምንት እስኪሞላውም በየ3ና በየ4 ሳምንቱ ይደገምለታል። የእብደት በሽታ ክትባትም አይቅርበት። ጠባዩ በድንገት ተለውጦ ለሀጩ የሚዝረበረብ፣ መዋጥም ያቃተው ውሻ ካየህ ግን እጅህን ወደ አፉ አትስደድ፤ የነከሰህም እንደ ሆነ ቁስሉን በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠበውና ሳትውል ሳታድር ጤና ጣቢያ ሂድ። የሚያስመልስ ቡችላ ሲገጥምህ ደግሞ ነገ ይሻለው ይሆናል ብለህ አትጠብቅ፤ ነገ የአንተ ሳይሆን የበሽታው ነው።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይባል የለ? በሚቀጥለው ዕረፍት ከጓደኞችህ ጋር ቢሾፍቱ ስትወርድ ሐይቁን ጠግበህ እይ፤ ፎቶግራፍህንም ተነሣ። ከመመለስህ በፊት ግን አንዱን ባጃጅ ነጂ፣ «የእንስሳት ሐኪም ቤቱ በየት በኩል ነው?» ብለህ ጠይቀው። መንገዱን ማወቅ የሚጠቅመው ውሻው እየተጫወተ ሳለ ነው።