ቤት የሚጎትት ስኖውሞቢል

«ይሄ ማሽን ስንት ኪሎ ይችላል?» ሚኒሶታ ውስጥ ብርዱ ሲገባ ጋራዥ ለጋራዥ የሚዞር ጥያቄ ነው። ጠያቂው ብዙውን ጊዜ የዓሣ ማጥመጃ ቤቱን ስኖውሞቢል በተባለው የበረዶ ላይ ሞተር ጭኖ በብርድ የጋገረ ሐይቅ መሀል ሊገባ ያሰበ ሰው ነው። እዚህ ካለነው ሐበሾችም ነገሩ የለከፋቸው አሉ። አንዱ የቅርብ ወዳጄ ስለሆነ ቅዳሜዬን ጋራዡ ውስጥ መፍቻ አቀባይ ሆኜ አሳልፋለሁ። ከዚያ ሁሉ ቅዳሜ የያዝኩት አቋም ይኸው፦ የኪሎው ጥያቄ ይቆይ፤ መጀመሪያ ክብደቱ የት እንደሚያርፍ ይጠየቅ።

ሐይቁ ላይ ወጥታችሁ ለማታውቁ በአጭሩ ልንገራችሁ። ሰው የጋገረውን የሐይቁን ገጽ፣ ማለትም ግግሩን፣ በመሰርሰሪያ ይበሳና በቀዳዳው መንጠቆ ያወርዳል። የሚኒሶታ ሕግ በግግር ላይ ለአንድ ሰው ሁለት መንጠቆ ይፈቅዳል። ሜዳው ላይ ነፋስ የሚያግድ ዛፍ ስለሌለ መጠለያ የግድ ነው። በፒካፕ የሚጎተቱ እውነተኛ ጎጆዎች አሉ፤ እኛን የሚመለከተን ግን ታጣፊው ነው። እሱም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ዘንጎቹ ወደ ውጭ ሲሳቡ የሚቆም ድንኳን ነው፤ ታጥፎ ከረጢት ውስጥ ይገባል፣ ትንንሹ 15 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። ሌላው ከነወንበሩ ተንሸራታች ገንዳ ላይ የተገጠመ ነው፤ ቦታው ሲደርሱ ሸራውን ገልብጦ በራስ ላይ መዘርጋት ብቻ ነው። ይህኛውን ያስፋፋው የሚኒሶታው ዴቭ ጄንዝ ነው፤ ፊሽ ትራፕ ያለውን ቤት እ.ኤ.አ. በ1980 ሠራ። ሁለት ሰው የሚይዘው ባዶውን ከ40 እስከ 60 ኪሎ ይደርሳል። መሰርሰሪያው፣ የጋዝ ማሞቂያውና ስንቁ ሲታከልበት ደግሞ እናንተው ገምቱት።

አሁን ወደ ማሽኑ እንምጣ። ስኖውሞቢል ከፊት በሁለት ስኪ ይመራል፣ ከኋላ ትራክ በሚባል አንድ ሰፊ ተሽከርካሪ ቀበቶ ይገፋል። ትራኩ የሚሽከረከርበት የአሉሚኒየም ዋሻ ከመቀመጫው ጀርባ ወደ ኋላ ይዘልቃል። ፖርቶመጋላ መግጠም ሁሉንም የሚያምረው እዚያ ጫፍ ላይ ነው፤ ባዶ ቦታ ነዋ! ችግሩ ጫፉ ከሞላዎቹ ድጋፍ ወደ ኋላ ማለፉ ነው። ጋሪ የጫነ ሰው ያውቀዋል፤ ጭነቱ ከጎማው ኋላ ከበዛ የጋሪው ዘንግ ሽቅብ ይነሣና ፈረሱ መሬት መቆንጠጥ ያቅተዋል። እዚህ የሚነሣው ስኪው ነው። መሪውን ብታዞሩትም ማሽኑ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ግግሩ በረዶ ያልለበሰ ከሆነማ ይብሳል፤ ስኪው ሥር ያለው የካርባይድ ስለት ግግሩን የሚነክሰው በላዩ ባለው ክብደት ነውና። ጠንካራ ሞላ መቀየር የተወሰነ ይረዳል፣ ረጅምና ሰፊ ትራክ ያለው የሥራ ማሽን ደግሞ ከዚያ በላይ ይረዳል። ከሁሉም የሚረዳው ግን ዕቃውን ወደ መቀመጫው ማስጠጋት ነው፤ ይህ ደግሞ በነፃ ነው።

ስለዚህ ከረጢት የሚገባው ድንኳን ይጫን፣ ገንዳው ይጎተት ባይ ነኝ።

ወዳጄ ግን ገንዳውን ከነቤቱ ከላይ ሊሰቅለው ነበር ያሰበው። ላሜራውን አስቆርጦ፣ ድሪሉን ሰክቶ፣ የሚበሳበትን ነጥብ በጠመኔ ምልክት አድርጎ ጨርሷል። «ከመብሳትህ በፊት ከሥር እንየው» ብለን ማሽኑን በጎኑ አስተኛነውና በባትሪ አበራንበት። ከዋሻው ጣሪያ ጋር ተጣብቆ የሚሄድ ጠፍጣፋ አሉሚኒየም አለ፤ የሞተሩ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ የሚመላለሰው በሱ ውስጥ ነው። በመኪና ቋንቋ ራዲያተሩ ማለት ነው። ከጠመኔ ምልክቶቹ ሁለቱ ልክ በሱ አናት ላይ አርፈዋል። ከላይ ሲያዩት ላሜራ ብቻ ነው የሚመስለው፤ ድሪሉ ግን ሁለቱንም አልፎ ፈሳሹን ያወርደዋል። ብሎኑም ቢሆን ረዝሞ ወደ ውስጥ ከወጣ ትራኩ በተነሣ ቁጥር ይላተመዋል። ዝም ብሎ ድሪሉን ነቀለና ፋብሪካው ራሱ የተዋቸውን ቀዳዳዎች መፈለግ ጀመረ።

ያ ራዲያተር ሌላም ጣጣ አለው። የሚቀዘቅዘው ትራኩ እያነሣ በሚረጭበት በረዶ ነው። ነፋስ ጠርጎ ባጸዳው ሐይቅ ላይ የሚረጭ ነገር ስለሌለ ሞተሩ ከዜሮ በታች በሆነ ብርድ መሀል ይግላል፤ ትራኩ የሚንሸራተትባቸው የፕላስቲክ ሐዲዶችም ይቀልጣሉ። ከኋላ ቤት እየጎተታችሁ ከሆነ ደግሞ ቶሎ ነው የሚግለው። መድኃኒቱ ግግሩን እየጫረ ፍርፋሪውን ወደ ላይ የሚወረውር የሽቦ መጫሪያ ነው፤ ትንሽ ዕቃ ናት፣ ከማንኛውም ፖርቶመጋላ በፊት እሷን እገዛለሁ። ብዙ ነባር አጥማጆች በአየር የሚቀዘቅዘውን አሮጌ ሞተር የሙጥኝ ያሉት ያለምክንያት አይደለም።

መጎተቻው ገመድ አይሁን። ፍሬን ስትይዙ ገንዳው አይቆምላችሁም፤ ተንደርድሮ ከኋላ ይመታችኋል፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ቀድሟችሁ ይሄዳል። የሚኒሶታ ሕግም በሕዝብ መንገድ ላይ በስኖውሞቢል ለመጎተት የማይተጣጠፍ ዘንግ ይጠይቃል። ሸራውን መሸፈንም እንዳትረሱ። ትራኩ የሚያቦነው በረዶ እጥፋቱ ውስጥ ይገባል፣ ማሞቂያ ሲለኮስ ይቀልጣል፣ ማታ ሲመለሱ ይጋገራል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ቤቱ አልገለበጥም ብሎ ብርድ ላይ መቆም ነው።

ይህን ሁሉ ስል ማሽን መነካካት ነውር ነው ማለቴ አይደለም። ስኖውሞቢል ራሱ የጋራዥ ልጅ ነው። እዚሁ ሚኒሶታ ሰሜን ጫፍ፣ ሮዞ በምትባል ከተማ የእርሻ መሣሪያ ይሠሩ የነበሩት፣ ኋላ ፖላሪስ የተባለው የስኖውሞቢል ኩባንያ ሰዎች በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ የመጀመሪያቸውን ሲሠሩ ትራኩን ከእህል ማንሻ ሰንሰለት፣ ስኪውን ከአሮጌ ሼቭሮሌ ፓራውልት ነበር ያወጡት። ከነሱ በፊት በካናዳዋ ኩቤክ ዦዜፍ-አርማን ቦምባርዲዬ ነበር። በ1934 እ.ኤ.አ. ክረምት መንገድ በበረዶ ተዘግቶ የታመመ ሕፃን ልጁን ሐኪም ቤት ማድረስ ሳይችል ቀርቶ ሞተበት፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሰባት ሰው የሚጭን የበረዶ መኪና ለገበያ አቀረበ። ጭነትና ሰው ማድረስ ነበር የመጀመሪያው ሥራ፤ ፍጥነቱ ኋላ የመጣ ነው። ዛሬ ለውድድር የተሠራውን ቀጭን ማሽን ገዝቶ ቤት ሊያስጎትት የሚታገል ሰው ዋጋውን የሚከፍለው ለማይፈልገው ፍጥነት ነው።

የግግሩ ጉዳይ ከማሽኑ ይበልጣል። የሚኒሶታ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ለእግረኛ 4 ኢንች፣ ለስኖውሞቢል ከ5 እስከ 7 ኢንች ይላል። ይህ አዲስና ጥርት ላለ ግግር ነው፤ ነጭ ከሆነ እጥፍ ይፈልጋል። ከኋላችሁ የተጫነ ገንዳ ካለ እኔ በአምስቱ አልወጣም። ውፍረቱ ብቻውንም ዋስትና አይሆንም፦ በኅዳር 2022 እ.ኤ.አ. እዚሁ ሚኒሶታ ባለው አፐር ሬድ ሌክ ላይ ግግሩ ከዳር ተገንጥሎ 200 የሚሆኑ አጥማጆችን ይዞ ሄዶ ነበር፤ ደግነቱ ሁሉም ወጡ። ብዙ በረዶ ሲጫነው ደግሞ ግግሩ ይጎብጥና ውኃ በስንጥቁ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከበረዶው ሥር ተደብቆ ስለሚጠብቃችሁ ዓይን አያየውም። እዚያ ውስጥ ጭነት እየጎተተ የገባ ማሽን ቺንጋውን ያቃጥላል። ትርፍ ቺንጋ ይዞ መውጣት ልማድ የሆነው ለዚህ ነው።

 

እና ወገኖች፣ ዘንድሮ ልትሞክሩት ያሰባችሁ ካላችሁ ማሽኑን ከመብሳታችሁ በፊት በጎኑ አስተኝታችሁ እዩት። ማሞቂያ ስታበሩ የቤቱን መተንፈሻ ክፈቱ፣ ማሞቂያው የሚያወጣው መርዛማ ጋዝ ሽታ የለውም። ብቻችሁን አትውጡ። ግግር የሚቧጥጡ ሁለት መውጊያዎችም አንገታችሁ ላይ አንጠልጥሉ፤ ሻንጣ ውስጥ ያለ መውጊያ ውኃ ውስጥ ለገባ ሰው አይደርስለትም።