መስታወት አይዘዝባችሁ

ከመካከላችሁ ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን ኪኒን የሚወስድ ሊኖር ይችላል። ለአስም፣ ለኩላሊት፣ ለቆዳና ለመገጣጠሚያ ሕመም ይታዘዛል። እኔም ለወራት ወስጄዋለሁ።

የጣቶቼ መገጣጠሚያ እያበጠ ጠዋት ጠዋት ቁልፍ መቆለፍ እንኳ ያቅተኝ ነበር። ሕመሙ ሩማቶይድ አርትራይተስ ነው ተባልኩ። ኪኒኑን በጀመርኩ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጠመኔ መያዝ ቻልኩ፤ ጌታንም አመሰገንኩ። የዚህ መድኃኒት ዘመድ የሆነው ኮርቲሶን ለዚሁ ሕመም አሜሪካ ውስጥ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። ሥራው በ1950 የኖቤል ሽልማት አስገኝቷል።

ይሁን እንጂ ዋጋም ያስከፍላል። ረሃቤ ጨመረ፤ እንቅልፌ ሸሸ፤ በትንሽ ነገር መቆጣት ጀመርኩ፤ ፊቴም እንደ ጨረቃ ክብ ሆነ። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ደግሞ አጥንት ያሳሳል፤ የደም ግፊትና ስኳር ከፍ ያደርጋል፤ ዓይንን ሊጎዳ ይችላል፤ ሰውነትንም ለኢንፌክሽን ያጋልጣል።

ከሁሉ ይልቅ ልብ እንድትሉ የምፈልገው ግን ይህን ነው፦ ኪኒኑ በድንገት አይቆምም። ከኩላሊታችን በላይ ያሉት አድሬናል ዕጢዎች ኮርቲሶል የተባለ ሆርሞን ያመነጫሉ። መድኃኒቱ ለሳምንታት ከውጭ ሲገባላቸው ሥራቸውን ይቀንሳሉ፤ እንቅልፍ እንደ ወሰደው ሰው ይሆናሉ። ኪኒኑ በአንድ ቀን ሲቋረጥ ቶሎ አይነቁም። ያን ጊዜ ብርቱ ድካም፣ ማስመለስ፣ የግፊት መውረድና ራስን መሳት ሊመጣ፣ ሕይወትም ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ሐኪም መጠኑን ቀስ በቀስ ይቀንሰዋል። የእኔ ወራት ፈጅቷል።

እውነቱን ለመናገር ያታከተኝ ኪኒኑ ብቻ አልነበረም። ከአምልኮ ስንወጣ "ምነው እንዲህ ወፈርሽ?" የሚለው ሰላምታ ከመስታወቱ በላይ "ተዪው" ይለኝ ነበር። "ጸልየንልሻል፣ አሁን ጣዪው" ያሉኝም ነበሩ። ጸሎታቸውን በደስታ ተቀበልኩ፤ መጠኑን የመቀነሱን ነገር ግን ለሐኪሙ ተውኩ።

የምትወስዱ ካላችሁ ጠዋት ከምግብ ጋር እንደ ታዘዘላችሁ ውሰዱ፤ ሌላ ሐኪም ቤት ብትሄዱም መውሰዳችሁን አስቀድማችሁ ተናገሩ። የጓደኛችሁ ፊት ድንገት ክብ ሲሆን ያያችሁም አትሳቁ። ምናልባት የዛሬዋን ኪኒን ለመዋጥ ወይም ላለመዋጥ እያመነታች ይሆናል፤ የእናንተ ቃል ወደ አንዱ ሊገፋት ይችላል።